ሁለት ጊዜ የታመነው ጠገራ

አንድ ሰው ነበረ።

ቁጭ በል፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «አባባ፣ አገር ሁሉ ዕድልህ መጣ እያለ ሲመርቀኝ አንተ ብቻ ለምን ዝም አልክ? ዕድል እውነተኛ መሆኑስ በምን ይታወቃል?» ብለኸኛል። በሞተር ብስክሌት የመጣው ደላላ ባሕር ማዶ ሥራ አግኝቼልሃለሁ፣ ደመወዙ ብዙ ነው፣ ሥራው ቀላል ነው ብሎሃል። አንተም በሬህን ሸጠህ የጉዞውን ልትከፍለው አስበሃል። መልሴን ትፈልጋለህ። እኔ ደግሞ ክርክር አልወድም። ስለዚህ የዚያን ሰው ነገር ስማ።

ሰውየው ገበሬ ነበረ። አንድ በሬ ነበረው። ጎረቤቱም እንደ እሱ አንድ በሬ ነበረው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሱ ነበር። በመቀናጆ የሚኖር ሰው እንዲህ ነው። በሬው የራሱ ነው፤ ግን ያ በሬ ሲታመም ሁለት ቤት ያዝናል፤ ያ በሬ ሲሸጥ ሁለት ማሳ ጦም ያድራል።

ዘመኑ ጠገራ ብር በገበያ የሚዞርበት ነበር። ጠገራ በፊቱ በኩል የባዕድ አገር ንግሥት መልክ አለበት። በጀርባው ክንፉን የዘረጋ አሞራ አለበት። አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ስለነበሩ፣ አባት ልጁን ሲያስተምር፣ «ብር ስትቀበል መጀመሪያ ንግሥቲቱን እያት። በራሷ ጌጥ ላይ ያሉት ፈርጦች አለመጉደላቸውን፣ በትከሻዋ ያለው ጌጥ አለመደምሰሱን ተመልከት። አንድ ፈርጥ ከጎደለ አትቀበል» ይለው ነበር። ሕፃኑም ሽማግሌውም የሚያውቀው መፈተኛ ይኸው ነበር። ፈርጥ ይቆጠራል፤ ብሩም ይታመናል። አሞራውን ልብ ብሎ የሚያይ አልነበረም። ጠርዙንማ ማን አይቶት።

ክረምቱ እንደገባ፣ ማሳው ለዘር ሲታረስ፣ ሰውየው እርፉን ጨብጦ በሬዎቹን ይነዳል። ጎረቤቱ ከኋላው እየተከተለ ጓል ይከሰክሳል። በመሃል ማረሻው አንድ ነገር ገለበጠ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አነሳው። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ቢጠርገው ብር ነው።

«ጠገራ!» ብሎ ጮኸ። በሬዎቹ ቆሙ።

አባቱ እንዳስተማረው ፈርጦቹን ቆጠረ። አንድም አልጎደለም። ደስ ብሎት በሌላው በኩል ያለውን ጭቃ ሊጠርግ ገለበጠው። እዚያም ንግሥቲቱ አለች። አሞራ የለም። ዓይኑን አሽቶ እንደገና አየ። ንግሥቲቱ ናት። ፈርጦቿን ቆጠረ። አንድም አልጎደለም።

«ና! ና ይህን እይልኝ! ከፊትም እሷ፣ ከኋላም እሷ!» አለ። ብሩን ወደ ጎረቤቱ ሲዘረጋ አምልጦት፣ በሬዎቹ ሲቆሙ በጎኑ በተጋደመው የማረሻ ብረት ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ ልብ በል። ጠገራ ብረት ላይ ሲወድቅ ይዘፍናል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ቶሎም አይሞትም። ይህኛው ግን አልዘፈነም። ገል መሬት ላይ ሲወድቅ እንደሚሰማው ደፍ አለና ዝም አለ። ሰውየው በደስታ ስለሚጮህ አልሰማውም። ጎረቤቱ ሰማው። ሰማና ቀና ብሎ አየ፤ ግን ምንም አልተናገረም። አዲስ ዕድል ያገኘ ሰው አጠገብ ቆሞ ክፉ ቃል የሚናገር ጎረቤት ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያውቃል።

የዚያን ሳምንት ገበያ ሰውየው ብሩን በጨርቅ ቋጥሮ ሄደ። ለአንድ ሰው አሳየ። ያ ሰው ሌላ ሰው ጠራ። ወዲያው የእህል ተራውም የጨው ተራውም ተገልብጦ እሱ ዘንድ መጣ። ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ። ከኋላ ያለው «አሳዩን! አሳዩን!» ይላል፤ ከፊት ያለው «አትግፉኝ፣ ይወድቅብኛል!» ይላል።

«ንግሥቲቱ መንታ ወለደች!»

«አሞራው የት ሄደ?»

«በርሮ ሄዷላ! ክረምት ሲገባ አሞራ ቤቱ አይቀመጥም።»

«አንተ ሰው፣ እኔ ከአንዲት ሚስቴ ጋር መስማማት አቅቶኝ፣ አንተ ሁለት ንግሥት በአንድ ጨርቅ ቋጥረህ ልታድር ነው!»

ሳቁ ገበያውን ሞላው። ሽማግሌዎች ተጠሩ። ዓይናቸው የደከመው በጣታቸው እየዳበሱ፣ ዓይናቸው ደህና የሆነው ወደ ፀሐይ እያዞሩ ፈርጡን ቆጠሩ። እያንዳንዱ ሰው ከፊት ቆጥሮ፣ ገልብጦ፣ ከኋላም ቆጠረ። ሁሉም አንድ ነገር ተናገረ፤ እውነተኛ ነው፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ እውነተኛ ነው። ሌላው ብር አንድ ጊዜ ብቻ ይፈተናል፤ ይህ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቱንም አለፈ። ሰውየው ይህን ሲሰማ ደረቱ ሰፋ፤ እግሩ መሬት የረገጠ አልመሰለውም።

ከሰዎቹ መካከል አንድ የከብት ነጋዴ ነበረ። ብሩን ተቀበለ፤ አገላበጠ፤ ፉጨት አሰማ።

«ይህ እኮ የብር ሠሪዎቹ ስህተት ነው» አለ። «አሞራው ባለበት ማተሚያ ፈንታ ሳያውቁት ሁለት የንግሥት ማተሚያ ገጥመው መቱት። እንዲህ ያለ ስህተት በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚገኘው። በታላቁ ከተማ እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሰበስቡ ሀብታሞች አሉ። የአሥር ጥማድ በሬ ዋጋ ያለ ክርክር ይሰጡሃል።»

«አሥር ጥማድ!» አለ ሰውየው።

«አሥር ስልህ ዝቅ አድርጌ ነው። ግን ከተማው ሩቅ ነው። በቅሎ መከራየት፣ ስንቅ መያዝ፣ ደህና ልብስ መልበስ አለብህ። በቁምጣ ሄደህ ሀብታም ደጅ ብትቆም ሰርቀህ ያመጣኸው ይመስላቸዋል።»

«በቅሎ የምከራይበት ገንዘብ ከየት አመጣለሁ?»

ነጋዴው ትከሻውን ነቀነቀ። «በሬ አለህ አይደለም? የሚመጣው ገበያ አምጣው። ለአንተ ስል እገዛዋለሁ።»

ሰውየው እየበረረ ቤቱ ገባ። ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ እልል አለች። የቆርቆሮ ቤት ሠሩ፤ በሐሳብ ነው የምልህ። ለበሬዎቹ በረት አጠሩ፤ በረቱ ጠበባቸውና አሰፉት። ሴት ልጃቸውን ለማን እንደሚድሩ ተከራከሩ፤ ለድሮው አማች ሊሆን ለታሰበው ልጅ ከእንግዲህ አንሰጥም ተባባሉ። ያ ልጅ ምንም ሳያጠፋ በአንድ ምሽት አነሰ።

በማግስቱ የጎረቤቱ ማሳ ተራ ነበር። ጎረቤቱ ቀንበሩን ተሸክሞ፣ በሬውን ነድቶ ማሳው ዳር ቆሞ ጠበቀ። ሰውየው አልመጣም። በሚቀጥለውም ቀን አልመጣም። ዝናቡ ዘንቦ መሬቱ ለስልሷል፤ ለእርሻ እንደዚያ ያለ ቀን ሁልጊዜ አይገኝም። ጎረቤቱ ወደ ሰውየው ቤት ሄደ።

«ምነው ወንድሜ፣ ታመምክ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ዝናቡ እያለፈብን ነው።»

«ይለፍ።»

«እንዴት ይለፍ ትላለህ? ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው?»

ሰውየው ሳቀ። «የኔ ልጆች ከእንግዲህ በአንድ በሬ አይኖሩም። በሬውን የሚመጣው ገበያ እሸጠዋለሁ። አንተም ሌላ መቀናጆ ፈልግ። ክፉ እንዳይመስልህ፤ ከከተማ ስመለስ አንድ ጥጃ እሰጥሃለሁ።»

ጎረቤቱ የቆመበት ቦታ ቀረ። በእርሻ መሃል ሌላ መቀናጆ አይገኝም። ባለ አንድ በሬው ሁሉ ተጣምሯል። ማሳው ዘር ሳያይ ሊከርም ነው። የሰውየውም ማሳ እንደዚያው። ያ የማረሻው ድምፅ ጆሮው ውስጥ መጣበት። ቤቱ ሄደ።

ገበያው ደረሰ። ሰውየው በሬውን አሳጥቦ፣ ቀንዱን ቅቤ ቀብቶ ወደ ከብት ተራ ነዳው። ሰዎች ያውቁታልና መንገድ እየለቀቁ «ባለ ሁለት ንግሥት መጣ!» እያሉ አጀቡት። ነጋዴው ይጠብቀዋል። ዋጋ ተነጋገሩ። ነጋዴው ከደህና ዋጋ ዝቅ አድርጎ ጠራ፤ ሰውየውም አሥር ጥማድ የሚጠብቅ ሰው ምን ይከራከራል፣ እሺ አለ። በዚያ ገበያ ሕግ ገመዱ ከሻጭ እጅ ወደ ገዢ እጅ በምስክር ፊት ካለፈ ሽያጩ አለቀ፤ ዳኛም አይመልሰውም። ምስክር ቆመ። ነጋዴው እጁን ዘረጋ። ሰውየው ገመዱን ከክንዱ ላይ ፈታ።

«ቆይ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ጎረቤቱ ነበር። እየሮጠ መጥቶ ቁና ቁና ይተነፍሳል። በአንድ እጁ ማረሻ ይዟል፤ ከሞፈሩ ላይ ነቅሎት ነው የመጣው።

«ማረሻ ይዘህ ገበያ ትመጣለህ? ልትወጋን ነው?» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

«ገመዱን ከመስጠትህ በፊት ያንን ብር አንዴ ስጠኝ» አለ ጎረቤቱ።

«ምን ልታደርገው? አልቆጠርከውም እንዴ?»

«አልቆጥረውም። ስጠኝ።»

ሰውየው ሰዉን አይቶ፣ ምንም እንደማይፈራ ለማሳየት ብሩን ሰጠው። ሰው ሁሉ ፈርጥ ሊቆጥር ነው ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ብሩን ሲይዝ ዓይኑን ጨፈነ። በገበያው መሃል ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

«ሊጸልይበት ነው!» አለ አንዱ።

ጎረቤቱ ማረሻውን መሬት ላይ አጋደመ። ከመቀነቱ የራሱን አንድ ጠገራ አወጣና ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ብሩ ማረሻው ላይ ዘፈነ፤ ድምፁ ቀጭን ሆኖ ቆየ። ከዚያ የሰውየውን ብር ከዚያው ከፍታ ለቀቀው። ደፍ አለ።

ሳቁ ቆመ።

«ድገመው» አለ ከምስክሮቹ አንዱ። ደገመው። ያው ሆነ።

«ብሩ ብዙ ጊዜ መሬት ውስጥ ስለቆየ ነው!» አለ ነጋዴው። «እርጥበት ገብቶበት ነው! ገመዱን ስጠኝ፣ ቀኑ እየመሸ ነው።»

«እርጥበት የሚገባው ክፍተት ባለው ነገር ነው» አለ ጎረቤቱ። «ድፍን ብር ውስጥ እርጥበት በየት ይገባል?»

ያን ጊዜ ሰውየው ተቆጣ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። «ምቀኛ!» አለው። «ያገኘሁ ቀን ፊትህ ጠቁሮ ነበር! አይቼሃለሁ! አብረን ስንደኸይ ወንድሜ ነበርክ፤ ዛሬ እኔ ልወጣ ስል እግሬን ልትጎትት መጣህ!»

ሰዉም «ምቀኛ ነው! ምቀኛ ነው!» አለ። ከኋላ አንዱ ጎረቤቱን በክርኑ ገፋው። ጎረቤቱ ወደቀ፤ ተነሳ፤ ነጠላውን አራገፈ።

«ይሁን» አለ። «ምቀኛ ልሁን። እኔን አትመነኝ። አንተው በራስህ ዓይን እይ፤ ግን ፊቷን አትይ። የአንደኛዋን አፍንጫ እይ። ብዙ እጅ ስላሻሸው አልቋል። የሌላዋን አፍንጫ እይ። ትናንት የተሠራ ይመስላል። የአንድ ብር ሁለቱ ገጾች በአንድ ኪስ ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላው እንዴት ልጅ ይሆናል? እነዚህ ሁለቱ አብረው አልኖሩም።»

ሰውየው ሳይወድ ብሩን ከመሬት አንስቶ አየ። የአንዷ አፍንጫ አልቋል። የሌላዋ እንደ መርፌ ሾሏል። ስንት ጊዜ ሲቆጥር ይህን አላየም፤ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ፈርጡ ብቻ ነበር።

«ስህተት ነው ብለውሃል» አለ ጎረቤቱ። «እኔ ስህተት አውቃለሁ። ሞፈር ስጠርብ ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ስህተት ያጎድላል፣ ያጣምማል፣ ከመስመር ያስወጣል። ሁለቱንም ወገን አሳምሮ፣ መሃል ለመሃል አስተካክሎ የሚያስቀምጥ ስህተት ግን አላየሁም። ይህ የተሳሳተ ሰው ሥራ አይደለም። አስቦበት የሠራው ሰው አለ።» ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረ። «አንተስ ጌታው፣ የአሥር ጥማድ ዋጋ ካለው ለምን በሬውን ትተህ ብሩን አትገዛውም? በአምስት ጥማድ ውሰደው። አምስቱ ትርፍህ።»

«እኔ ድሃ ነኝ፣ ከየት አባቴ አመጣለሁ» አለ ነጋዴው።

«ከነጋዴዎች ጋር ተሻርከህ ግዛው።»

«እኔ የማውቀው ከብት ነው! ስለ ብር ምን አገባኝ!»

ሰዉ ይህን ሲሰማ አጉረመረመ። ባለፈው ገበያ ስለ ብር ያስተማራቸው እሱ ነበርና።

አጠገባቸው አንዲት ንፍሮ ሻጭ ነበረች። ድስቷ ይፍለቀለቃል። ጎረቤቱ ወደ ድስቱ ጠቆመ።

«እትዬ፣ ይህን ብር ድስትሽ ውስጥ እናስገባው?»

«ምን? ባቄላዬ ላይ?» አለች። «ብሩ ከበሰለ ማን ሊበላው ነው? ሂድ ወዲያ!»

ሰው ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም። አንድ እጁ ገመዱ ላይ ነው፣ አንድ እጁ ብሩ ላይ ነው። ጎረቤቱ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ብር በፈላ ውሃ አይጎዳም» አለው። «እውነተኛ ከሆነ እንደገባ ይወጣል። በሬህን ሽጠህ ትሄዳለህ፤ እኔም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። የምትፈራው ምንድን ነው?»

ሰውየው የሚፈራውን ያን ጊዜ አወቀ። ሄደና ብሩን በገዛ እጁ ድስቱ ውስጥ ጣለው።

ሴትዮዋ ጮኸች። ሰዉ ድስቱ ላይ ጎነበሰ። ባቄላውን በጭልፋ ወደ ጎን ገፉት። ብሩ ከታች ይታያል። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ነጋዴው «ይኸው! አላልኳችሁም!» አለ። ሰዉ እልል ሊል አፉን ከፈተ።

ብሩ ተነፈሰ።

ከጠርዙ ውስጠኛ ወገን፣ የንግሥቲቱ ገጽ ከዙሪያው ጋር ከሚገናኝበት፣ አንዲት ደቃቅ አረፋ ወጣች። ተከትላት ሌላዋ ወጣች። ከዚያ እንደ ክር ተያይዘው ከዚያው ከአንድ ቦታ ይወጡ ጀመር። ድፍን ብር ሳንባ የለውም። ይህ ግን ተነፈሰ።

«አውጣው! አውጣው!» አሉ። በጭልፋ አወጡት። ሰውየው በነጠላው ጫፍ ይዞ፣ እየተቃጠለ፣ አውራ ጥፍሩን በጠርዙ ውስጠኛ ዙሪያ አስኬደ። ጥፍሩ አንድ ቦታ ላይ ያዘ። ጫን ቢለው የንግሥቲቱ ገጽ እንደ ክዳን ተነሳና እጁ ላይ ወደቀ። ከሥሩ የቀለጠ ሰም ፈሰሰ።

ሁለት ብር ነበር። ብልህ እጅ አንዱን ብር ከአሞራው በኩል እንደ ሳህን ፍቆ ጎድጎድ አድርጎታል፤ ጠርዙን ብቻ ትቷል። የሌላውን ብር አሞራና ጠርዝ ፍቆ ፊቱን ብቻ አስቀርቶ፣ ቀጭን አድርጎ፣ ጎድጓዳው ውስጥ በሰም አጣብቆታል። መጋጠሚያው ጠርዙ ጥግ ስለሆነ ጥላ ይመስላል። የሁለት ንግሥት ፈርጥ ሙሉ ነው፤ ሁለቱም እውነተኛ ብር ነበሩና። በውሸት የተሠራው መጋጠሚያው ብቻ ነበር።

ሰዉ ሁለቱን ቁራጭ እየተቀባበለ አየ። ከሽማግሌዎቹ አንዱን ግን በድንገት ሳቅ ያዘው፤ እንባ እስኪወጣው ሳቀ።

«አወቅሁት!» አለ። «ይህ የቁማርተኛ ዕቃ ነው። ብር ወደ ላይ ሲጣል ፊቷ ከመጣች የኔ፣ አሞራው ከመጣ ያንተ ብለው ይወራረዱ ነበር። በዚህ ብር አሞራው መቼም አይመጣም! ምስኪኑ ተወራራጅ አሞራውን እየጠበቀ ልብሱን አውልቆ ይሰጣል። ቁማርተኛው ሊያዝ ሲል ማሳው ላይ ወርውሮት ሸሽቶ ይሆናል።»

ነጋዴው እጁን እንደገና ዘረጋ። «ይህ እኔን አያገባኝም። በሬውን ተዋውለናል። ገመዱን ስጠኝ።»

ሰውየው ገመዱን አየው። ገና በእጁ ነው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ክንዱ ላይ ጠመጠመው። «ገመዱ አላለፈም» አለ። ምስክሮቹም «አላለፈም» አሉ። ነጋዴው ተሳድቦ ሄደ።

ንፍሮ ሻጯ የሰውየውን ልብስ ይዛ «ሰም ያለበትን ባቄላዬን ማን ይገዛኛል?» ብላ ጮኸች። ሰውየው ኪሱ ባዶ ነበር። እንደ ሳህን የተፈቀፈቀውን ግማሽ ብር ሰጣት። አገላበጠችው። «ለጨው መስፈሪያ ይሆናል» አለችና ልብሱን ለቀቀችው። የብሩ ትክክለኛ ዋጋ ይኸው ሆነ፤ የአንድ ድስት ባቄላ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች በሬውን እየነዱ ተመለሱ።

«ድምፁን መቼ ሰማኸው?» አለ ሰውየው።

«ያገኘኸው ዕለት፣ ማረሻው ላይ ሲወድቅ።»

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

ሰውየው አሰበ። «ምቀኛ እልህ ነበር።»

«ዛሬስ ምን አልከኝ?»

«ምቀኛ።»

«ያው ነው እንግዲህ» አለ ጎረቤቱ። «ዛሬ ግን ገመዱን ስትፈታ አየሁ።»

በማግስቱ ሁለቱን በሬዎች ጠመዱ። መሬቱ ገና እርጥበት ነበረው። የጎረቤቱ ማሳ ተራ ነበርና ከእሱ ጀመሩ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ልጄ።

ደላላው ሁለት ነገር ነግሮሃል። ደመወዙ ብዙ ነው አለህ። ይህ ፊት ነው። ሥራው ቀላል ነው አለህ። ይህም ፊት ነው። እኔ በዕድሜዬ የሠራሁት ሥራ ሁሉ በአንድ በኩል ፊት፣ በሌላው በኩል ጀርባ አለው። ማሳው እህል ይሰጠኛል፤ ወገቤን ይወስዳል። በሬው ያርስልኛል፤ በጋውን ሙሉ ሣር አጭድለታለሁ። ሁለቱም ወገን ፊት የሆነ ነገር ሲያመጡልህ አሞራው የት እንደሄደ ጠይቅ። አሞራው በራሱ በርሮ አይሄድም። የፋቀው ሰው አለ።

አገር ሁሉ መረቀኝ ትላለህ። አገር ሁሉ ያየው ያንኑ አንተ ያየኸውን ነው። አጎትህ ደመወዙን ሰማና መረቀህ። እናትህ ሥራው ቀላል መሆኑን ሰማችና እልል አለች። የገበያው ሰው ሁሉ ፈርጡን እንደቆጠረው ነው፤ መቶ ሰው ቢቆጥረው ያው አንድ ቆጠራ ነው። መጋጠሚያውን ያየልህ ሰው ማን ነው? እዚያ ስትደርስ የሚቀበልህ ማን እንደሆነ፣ ፓስፖርትህ በማን እጅ እንደሚያድር፣ ከዚህ ቀደም የወሰደው ልጅ ስሙ ማን እንደሆነና ስልኩ ምን እንደሆነ ጠይቀሃል? ቃል ከቃል የሚገጥምበት ቦታ ይህ ነው። ጥፍርህን እዚያ አስኪድ።

ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኛል። ስላልተደሰትኩልህ አይደለም። ስታወራኝ ድምፁን እያዳመጥኩ ነበር። ያልከው ሁሉ ደፍ ይላል። እኔ ግን አባት ነኝ፤ ፈሪም ምቀኛም መባሌ አይቀርም፤ ስለዚህ እኔን አትመነኝ። አንተው ፈትነው። ነገ ያ ሰው በሞተሩ ሲመጣ እንዲህ በለው፦ «ሥራው እንዳልከው ከሆነ የድካምህን እዚያ ደርሼ ከመጀመሪያው ደመወዜ እልክልሃለሁ። በሬዬን አልሸጥም።» እውነተኛ ከሆነ ምንም አይጎዳውም፤ እንደገባ ይወጣል። ያን ጊዜ መንገድህን እኔ ራሴ እሸኝሃለሁ። ከተቆጣ፣ ቀኑ መሸ ካለ፣ ገመዱን ቶሎ ስጠኝ ካለ፣ አረፋውን በዓይንህ አየህ ማለት ነው።

በሬው ያንተ ነው። ጥጃ ሳለ ሰጥቼሃለሁ፤ አልከለክልህም። እስካሁን ገመዱ በእጅህ ነው።